ምርጡን ጠቦት ለፋሲካ አትሽጡት፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ በአሥር በግ ርቢ መጀመር

ከዓመታት በፊት ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠቦት ሸጥኩ። ቀይ ነው፤ ሽንጡ ሞላ ያለ፣ ላቱ ሰፊ። አብረውት ከተወለዱት ሁሉ ቀድሞ ያደገው እሱ ነበር። ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያየው ዓይኑን አልነቀለም። ጥሩ ብር ተቀበልኩና ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ቤት የቀረው ወንድ ማንም ያልፈለገው ነው። ኮሳሳ፣ ጀርባው የሾለ። ሰኔ ላይ ሴቶቹን ሁሉ የሰረረው እሱ ሆነ። የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች አባታቸውን መስለው ሲመጡ ነገሩ ገባኝ፤ ብሩ ግን ካለቀ ቆይቷል።

ይህ የእኔ ብቻ ስህተት አይደለም። መንዝ ሂዱ፣ ባሶና ወራና ሂዱ፣ አንጎለላ ሂዱ፤ ፈጥኖ ያደገው ወንድ ፈጥኖ ገበያ ይወጣል። ገዢ ያጣው አባት ይሆናል። ከዚያ "የእኛ በግ ዘሩ አነሰ" እንላለን። እኛው ነን ያሳነስነው።

ከዚህ በታች ያለው አሥር እናት በግ ይዞ ለመነሳት ለሚያስብ ሰው ነው። ደጋ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ወይም ከዚያ ወደ መንዝ ከፍ ብሎ። ቆላ ላለ ሰው ብዙው አይሠራም።

የትኛው በግ?

የመንዝ በግ። አጭር መልሱ ይኸው ነው። ትንሽ ነው፤ የደረሰች ሴት ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በታች ናት። ግን ብርዱን ለምዶታል፣ ገለባ በልቶ ክረምት ይሻገራል፣ ጸጉሩም በርኖስና ዝተት ሆኗል ስንት ዘመን። የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከነልጇ የምትቆም በግ በቀላሉ አትገኝም።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የቆላ በግ በርካሽ ብታገኙ አትጎምጁ። ደጋ ሲወጣ ብርዱና ሳንባ ምቹ ይጫወቱበታል።

ከውጭ የመጣው የአዋሲ በግስ? ደብረ ብርሃንና አመድ ጉያ ባሉት የበግ ማባዣ ማዕከላት አዋሲ ከመንዝ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። ክልሱ ትልቅ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ግን ይበላል። መኖ ሳይኖራችሁ ክልስ አውራ ማስገባት ትልቅ አፍ ማስገባት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ በመንዝ በግ ሁለት ዓመት እሠራ ነበር። መኖዬን ካየሁ በኋላ ስለ ክልስ አስባለሁ።

ስትገዙ እጃችሁን ተጠቀሙ

ጸጉር ይዋሻል። ከሩቅ ድቡልቡል የምትመስለው በግ ከጸጉሯ በታች አጥንት ልትሆን ትችላለች። መዳፋችሁን ከመጨረሻው ጎድን በኋላ፣ ወገቧ ላይ አድርጉና ጫን ጫን አድርጉ። የአከርካሪው ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆጠራችሁ ከስታለች። ጨርሶ ካልተሰማችሁ ደግሞ ለርቢ አብዝታ ሰብታለች። አጥንቱ ለስለስ ብሎ ሲሰማችሁ ያቺ ናት።

ቀጥሎ አፏን ክፈቱ። በግ ፊት ለፊት ጥርስ ያላት ከታች ብቻ ነው፣ ስምንት። ከላይ ባዶ ነው። አንድ የከተማ ወዳጄ "ላይኛው ረግፏል" ብሎ ዋጋ ሊያስቀንስ ሲከራከር ገበያው በሙሉ ስቆበታል። መሐል ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ካወጣች ዓመት አልፏታል። አራት ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ ናት። ለመነሻ ሁለትና አራት ጥርስ ያሏትን ግዙ። የተሸራረፈና የረዘመ ጥርስ ያላት ግን ገለባ ማኘክ ያቅታታል።

ጡቷን ሁለቱንም ዳስሱ። የጠጠረ ወይም እብጠት ያለበት ከሆነ እለፏት። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ መልካም። እንደ ወረቀት ከነጣ ሆዷ ወይም ጉበቷ ውስጥ ትል አለ። ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ደግሞ ከኋላዋ የሚከተል ደህና ግልገል ነው።

መቼ ይገዛ? ሁዳዴ መካከል ገበያው ቀዝቀዝ ይላል። ክረምት መግቢያ ላይም ገበሬው ለማዳበሪያና ለዘር ሲል ያወጣል። የበዓል ሳምንት አትግዙ። የገዛችኋቸውን ደግሞ ሦስት ሳምንት ለብቻ አቆዩ። ነባር በግ ካላችሁ አትቀላቅሉ።

ጉሮኖው

ብዙ ወጪ አይፈልግም። ለአንድ የደረሰች በግ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ለአሥሯ ከነግልገላቸው 15 ካሬ ቢሆን ደስ ይላል። ወለሉ ዘንበል ብሎ ሽንቱ ይውጣ። የንፋስ መግቢያው ከበጎቹ ጀርባ ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ሥር ይሁን።

እኛ አገር ብርድ ስለምንፈራ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃ እንደፍናለን። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። በጠዋት በሩን ሳትከፍቱ ገብታችሁ በጎቹ ቁመት ልክ ቁጢጥ በሉ። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲስቡ አድረዋል ማለት ነው። ደረቅ በግ ብርድ ይችላል። እርጥብ ወለልና የታፈነ አየር ናቸው የሚጥሉት።

መቁጠሪያው

በግ አርግዛ የምትቆየው 150 ቀን ገደማ ነው። የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። እንግዲህ ልክ አምስት ወር። ጥቅምት 1 የተሰረረች መጋቢት 1 አካባቢ ትወልዳለች፤ ሌላ ሂሳብ አያስፈልግም። መሐል ላይ ጳጉሜ ከገባች ብቻ አምስት ቀን ቀንሱ። ሰኔ 1 የተሰረረች ጥቅምት 26 ላይ ጠብቋት።

እንግዲህ ጥያቄው መቼ ይወለድ የሚለው ነው። አውራ ዓመቱን ሙሉ አብሮ ከዋለ ግልገል በየወሩ ይንጠባጠባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተወለደው በዝናቡና በጭቃው ያልቃል። ስለዚህ ከጥር እስከ መጋቢት አውራው ከሴቶቹ ይራቅ። የካቲትና መጋቢት ላይ የሚወለደው በበልግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በልግ ከመጣ ጥሩ፣ ከቀረ ወተት የለም። በልግ ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

እኔ የምመርጠው ሰኔ 1 አውራውን ማስገባት ነው። ሴቶቹ የመጨረሻዎቹን የእርግዝና ሳምንታት መስከረምና ጥቅምት ላይ በለምለም ሣር ያሳልፋሉ። ሲወልዱ አዝመራው ይሰበሰባል፤ ቃርሚያው አለ። "ውርጩስ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግን ውርጭን በጉሮኖ እመልሰዋለሁ። ረሃብን በጉሮኖ አልመልሰውም።

አውራው 40 ቀን ይቆይ፣ ከሰኔ 1 እስከ ሐምሌ 10። ሴት በግ በ17 ቀን አንዴ አውራ ስለምትፈልግ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ዕድል ታገኛለች። ቀይ አፈር በዘይት ለውሳችሁ ደረቱን ቀቡት። የሰረራት ላይ ከወገቧ ኋላ ቀይ ምልክት ይቀራል። ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። በ17ኛው ቀን አካባቢ ቀለሙን ቀይሩ፤ በአዲሱ ቀለም የተቀባች የመጀመሪያው አልያዘላትም ማለት ነው።

የወል ግጦሽ ላይ የምታሰማሩ ከሆነ አውራን መለየት ፈተና ነው። የጎረቤት አውራ ፈቃድ አይጠይቅም። ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ። ለራሳችሁ አውራ ደግሞ የጆንያ ቁራጭ ከሆዱ ሥር ሽርጥ አድርጋችሁ እሰሩለት። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

መኖ

አንዲት በግ በቀን 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። የገብስ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠነክርም። የባቄላና የአተር ገለባ ይሻላል፤ እሱን ለወላዶች ለዩ። ድርቆሽ የምታጭዱ ከሆነ ሣሩ ሊያብብ ሲል፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እጨዱ። ኅዳር ላይ ቢጫ ከሆነ በኋላ የሚታጨደው ድርቆሽ ከጭድ ብዙም አይለይም። አጥር ዙሪያ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ። ደጋ ይወዳል፤ በጋውን ሁሉ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው።

ድጋፍ የሚያስፈልገው ከወሊድ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ከወሊድ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ትንሽ ጨው። ለአንዷ በቀን 250 ግራም። ለአሥር በግ፣ ለ60 ቀን ያህል 150 ኪሎ ገደማ ይሆናል፦ 100 ፉርሽካ፣ 50 ፋጉሎ። ዋጋውን አሁን ካለው ገበያ ጋር አስሉት። ካልቻላችሁ በአምስት በግ ጀምሩ።

ደብረ ብርሃን አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ከቢራ ፋብሪካዎቹ የሚወጣውን የገብስ ተረፈ ምርት አትናቁ። ግን እርጥብ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል። የሻገተውን ከምትሰጡ ጾማቸውን ቢያድሩ ይሻላል።

የወሊድ ሌሊት

ምልክቱ ቀላል ነው። ጡቷ ይወጠራል፣ ከጓደኞቿ ትነጠላለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። የሽርት ውሃው ከመጣ በኋላ ሁለት የፊት ሰኮናና በላያቸው ላይ አፍንጫ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ራሷ ትጨርሰዋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አምጣ ምንም ካልመጣ ወይም የመጣው አንድ እግር ብቻ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ባለሙያ ከሌለ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ፣ እጃችሁን በሳሙና አጥባችሁ፣ የቀረውን እግር ፈልጋችሁ ካቀናችሁ በኋላ፣ ስታምጥ ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡ።

ሲወለድ አፍንጫውን ጥረጉ። ካልተነፈሰ ጭድ አፍንጫው ውስጥ ነካ አድርጉ፤ ያስነጥሳል። እትብቱን አዮዲን ንከሩት። ከዚያ የእናትየውን ጡት አንድ ሁለቴ አልቡ፤ ጫፉን የሚደፍን እንደ ሰም ያለ ነገር አለ፣ እሱ ይውጣ። እንገሩ በመጀመሪያው ሰዓት ሆዱ መግባት አለበት። በሽታ የሚከላከልለት ሌላ ነገር ይዞ አልተወለደም። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ሁለት ኪሎ ከትንሽ ነው። መጥባት ካቃተው እያለባችሁ ትንሽ ትንሽ፣ በቀኑ መጨረሻ አራት አምስት የቡና ስኒ ያህል ስጡት።

ኅዳር ላይ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ አንዱን እግሩን ዘርግቶ አገኘሁት። ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እናቴ ከኋላዬ ሆና "ወተት እንዳትሰጠው!" አለችኝ። ልክ ነበረች። አፉ የቀዘቀዘ ግልገል መዋጥ አይችልም፣ ወተቱ ሳንባው ይገባል። በጋቢ ጠቀለለችውና ምድጃው አጠገብ ይዛው ተቀመጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቴን መጥባት ጀመረ። እንገሩን የሰጠነው ያኔ ነው።

እናትየው ከገፋችው ጨው ጀርባው ላይ ነስንሱለት። ስትልሰው ትለምደዋለች። እንቢ ካለች ሁለቱን ጠባብ ቦታ አስራችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩ።

ቀንድ አውጣና ውሻ

የበሽታው ዝርዝር ረጅም ነው። የበግ ፈንጣጣ፣ ደስታ መሰል በሽታና ፓስተሬላ ክትባት አላቸው፤ ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ቀበሌያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ክረምት ሳይገባ አስከትቡ። እኔ ግን ሁለት ነገር ላይ መቆም እፈልጋለሁ።

አንደኛው የጉበት ትል ነው። ረግረግ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ይመጣል። በጋ ላይ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ አረንጓዴ የሚቀረው ረግረጉ ዳር ነው፤ በጎቹም እረኛውም ወደዚያ ያመራሉ። ማታ ሲገቡ መንጋጋቸው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ፣ የዓይናቸው ሽፋን ከነጣ፣ እሱ ነው። አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ትሪክላቤንዳዞል ትንንሹንም ይገድላል። ኅዳርና ጥር ላይ መስጠት ይበጃል። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ባለሙያ ይወስን። ስታጠጡ አንገቷን ሽቅብ አትቀልብሱት፤ ወደ ሳንባ ይሄዳል። አልቤንዳዞልን በእርግዝና የመጀመሪያ ወር በፍጹም አትስጡ፣ ጽንሱን ያበላሻል። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 10 ማለት ነው። ግንቦት ላይ ጨርሱት።

ሁለተኛው አዙሪት ነው። በጉ አንገቱን አዘንብሎ ባንድ በኩል ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከግድግዳ ይጋጫል። ስንቱ "ዓይነ ጥላ ነው" ብሎ ጠበል ወስዶታል። ጭንቅላቱ ሲከፈት አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ይገኛል። የሚመጣው ከውሻ የኮሶ ትል ነው። ውሻው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ በጉ ከሣሩ ጋር እንቁላሉን ይበላል። ከዚያ እኛ ያንን በግ አርደን ጭንቅላቱን ለማን እንወረውራለን? ለዚያው ውሻ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ የበዓል ቀን፣ በገዛ እጄ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት በግ ዞረብኝ።

የበግ ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥም። ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበራል። ውሻችሁን ደግሞ በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የኮሶ ትል መድኃኒት ስጡት። ጎረቤትም እንዲሰጥ ለምኑ፤ ውሻ አጥር አያውቅም።

አባት መምረጥ

እዚህ ደረስን። ግልገሎቹ ኅዳር አካባቢ ተወልደዋል። የካቲት ላይ ሦስት ወር ሞልቷቸው ጡት ይጥላሉ። በዚያን ቀን በሚንጠለጠል ሚዛን መዝኗቸው፣ ጻፉ። ከዚያ በአምስት በስድስት ወራቸው ፋሲካ ከች ይላል። ነጋዴው ይመጣል። ዓይኑ የሚያርፈው በትልቁ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ብር ያስፈልጋችኋል።

በዚያ ሳምንት ሁለት ወንዶች ላይ ምልክት አድርጉና "አይሸጡም" በሉ። ለምን ሁለት? አንዱ ቢሞት።

ምርጫው በዓይን አይሁን። ደብተሩን ክፈቱ። ጥቅምት 26 የተወለደና ታኅሣሥ 5 የተወለደ 39 ቀን ይለያያሉ፤ ጎን ለጎን አቁማችሁ "ይሄ ይበልጣል" ብትሉ ዕድሜን እንጂ ዘርን አልመረጣችሁም። መንታ የሆነው ወተት ተካፍሎ ነው ያደገው፤ ትንሽ ቢያንስ አትጣሉት። እናቱን እዩ፦ በየዓመቱ ወልዳለች? ልጆቿ ተርፈዋል? ሁለት እኩል፣ ጠንካራ ቆለጥ ይኑረው። እግሩ ቀጥ ያለ ይሁን። ቀለምም ነገር ነው። ጥቁር በግ ለበርኖስ ቢወደድም የበዓል ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ እኔ ቀይ ወይም ነጭ እመርጣለሁ።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። መንዝ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንዲህ እየመዘኑ፣ እየጻፉ፣ አውራ በጋራ ሲመርጡ ቆይተዋል። በጋራ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። አንድ አውራ እስከ 25፣ 30 ሴት ይችላል። ለአሥር በግ ብቻ አንድ አውራ መቀለብ ኪሳራ ነው። ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ያዙ።

የቀሩት ወንዶች? ከሰኔ 1 ጀምሮ 90 ቀን ፉርሽካና ፋጉሎ ስጧቸው። ከእጅ ጭብጥ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ 300 ግራም አድርሱ፤ ባንድ ጊዜ ከሰጣችኋቸው ሆዳቸው ይነፋል። ለእንቁጣጣሽ አሥር ወር ገደማ ሆኗቸው ገበያ ይወጣሉ።

የተመረጠው ግን አይቸኩልም። በሰባት ወሩ ሰኔ ሲመጣ ገና ልጅ ነው፤ ያን ዓመት የዱሮው አውራ ወይም የጎረቤት ይሥራ። እሱ የሚገባው በሚቀጥለው ሰኔ፣ ዓመት ከሰባት ወር ሲሞላው ነው። ከእናንተ ጋር አንድ ሰኔ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኔ የገዛ ሴት ልጆቹ ሰባት ወር ገደማ ይሆናቸዋል፤ እዚያው ከቆየ እነሱንም ይሰርራል። ስለዚህ የሦስቱ ጎረቤቶች ማኅበር ሌላ ማኅበር ይፈልግና አውራ ይለዋወጥ። እዚያ ሁለተኛ ሰኔውን ይሥራ።

ሁለት ሰኔ ከሠራ በኋላ ባለሙያ በቡርዲዞ፣ የቆለጡን ጅማት በሚጨፈልቀው መቆንጠጫ፣ ያኮላሸው። መስከረም ላይ ይሁን፣ ቶሎ እንዲያገግም። ከጥር ጀምሮ ፉርሽካውን አጥብቁለት። ሙክቱ ለፋሲካ ገበያ የሚወጣው ያኔ ነው።